ዋጋውን የሚጋርደው የኩኪ ሳጥን፦ የትኛውን ኤክስቴንሽን እንጫን?



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እየተደጋገመ መጥቷል፦ «የምትለጥፈውን ሊንክ ስንከፍት ግማሽ ገጹን የሚሸፍን ሳጥን ይመጣል፤ ኩኪ ተቀበሉ ይለናል፤ እንጫነው ወይስ እንተወው? ይሄን የሚያጠፋ ነገር ብሮውዘር ላይ ይጫናል ሲሉ ሰማን፤ የትኛውን እንጫን?»

አጭሩ መልስ፦ የሚያጠፋ አለ፣ በነጻ ይገኛል፣ ለመጫንም ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ረጅሙ መልስ ግን እስከ ኮንትራት ኢሜይላችሁና እስከ ባንክ ሒሳባችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ለዛሬ የዋጋ ትንተናውን ወደ ጎን ብዬ ይሄን ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ ነገሩ ከእኛ ሥራ ጋር የት እንደሚገናኝ። የኒውዮርኩ የአረቢካ «ሲ» ኮንትራት የሚገበያየው በእኛ ሰዓት ከረፋዱ 5:15 እስከ ምሽቱ 2:30 ነው፤ አሜሪካኖቹ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ ከ6:15 እስከ 3:30። በዚህ መሃል ዋጋው አንዲት ሴንት በፓውንድ ከፍ ወይም ዝቅ ስትል፣ 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ በጫነ አንድ ኮንቴይነር ላይ 423 ዶላር ገደማ ትሆናለች። (19,200 ኪሎ ማለት 42,300 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።) ዋጋው በኋላ በሚቆረጥ ኮንትራት የሸጠ ላኪ ወይም ዩኒየን፣ ገዢው ደውሎ «ዛሬ ፊክስ እናድርግ?» ሲለው ስልኩን በጆሮው ይዞ የዋጋውን ገጽ ይከፍታል። መጀመሪያ የሚያገኘው ሳጥኑን ነው። በዚያ ጥድፊያ ሰው የሚጫነው ትልቁንና ባለቀለሙን ቁልፍ ነው። ሳጥኑን የሠሩት ሰዎችም ይሄን አሳምረው ያውቃሉ።

ኩኪ ምንድን ነው ላላችሁ፦ አንድ ድረ ገጽ በእናንተ ብሮውዘር ውስጥ የሚያስቀምጣት ትንሽ የጽሑፍ ማስታወሻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ውስጥ ሉ ሞንቱሊ የተባለ ባለሙያ ፈጠራት። ችግሩ ምን ነበር፣ ድረ ገጽ የሚያስታውሰው ነገር የለውም፤ አንድ ገጽ ከፍታችሁ ወደ ሁለተኛው ስትሄዱ እንደ አዲስ እንግዳ ነው የሚያያችሁ። ኩኪ እንደ መጋዘን ደረሰኝ ናት፤ ስትመለሱ ታሳዩታላችሁ፣ እሱም «እገሌ ነህ፣ ዕቃህ ይሄ ነው» ይላችኋል። በይለፍ ቃል የምትገቡበት ገጽ ሁሉ ያለሷ አይሠራም። የዋጋ ገጹ ላይ «የሜይን ሳይሆን የጁላይን ኮንትራት አሳየኝ» ብላችሁ የመረጣችሁት በማግስቱም የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ በእሷ ነው።

ክርክሩ የመጣው ሌላ ዓይነት ኩኪ ሲጨመር ነው፤ ገጹ ላይ ማስታወቂያ የሚያወጣው ሦስተኛ ወገን የሚያስቀምጠው። ያ ኩባንያ በሺህ ገጾች ላይ ስላለ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሄዱ እግር በእግር ይከተላችኋል። ጠዋት የቡና ዋጋ፣ ቀጥሎ የመርከብ ኪራይ፣ ከሰዓት የቡና መቁያ ማሽን አይታችሁ ከሆነ፣ ማታ የእግር ኳስ ዜና ስታነቡ የማሽኑ ማስታወቂያ ይመጣል። አንዳንድ ላኪ «ኩኪውን ከተቀበልኩ ገዢዬ ምን ዋጋ እያየሁ እንደሆነ ያውቅብኛል» ብሎ ይፈራል። በኩኪ ብቻ አያውቅም፤ እንደዚያ አይሠራም። የሚያውቁት የማስታወቂያና የመረጃ ነጋዴዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ስለ እናንተ ዲፈረንሻል ግድ የላቸውም፤ የሚሸጡት የእናንተን ትኩረት ነው።

የሳጥኑ ምንጭ የአውሮፓ ሕግ ነው። በ2002 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የኤሌክትሮኒክ ግላዊነት መመሪያ በ2009 ሲሻሻል፣ ለአገልግሎቱ የግድ ከሚያስፈልገው ውጪ ኩኪ ለማስቀመጥ የተጠቃሚው ፈቃድ ይጠየቅ አለ። ከዚያ ሜይ 25 ቀን 2018 ሥራ ላይ የዋለው ጂዲፒአር ፈቃድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አጠበቀው፤ በነጻነት የተሰጠ፣ ግልጽ፣ በተግባር የተገለጸ መሆን አለበት። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት ዝም ያለ ሰው እሺ እንዳለ ይቆጠራል። እነሱ ዘንድ ዝምታ እሺታ አይደለም። በ2019 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ፕላኔት49 በተባለው ጉዳይ ላይ፣ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን እንኳ እንደ ፈቃድ እንደማይቆጠር ወስኗል። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አሳወቀ፤ ጥፋታቸው እሺ ማለትን በአንድ ጠቅታ፣ እምቢ ማለትን ግን በብዙ ጠቅታ ማድረጋቸው ነበር።

ሕጉ እንዲህ ይበል እንጂ ሳጥኖቹ ግን ሌላ ናቸው። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት፣ በብሪታንያ ብዙ ከሚጎበኙ ገጾች መካከል በአምስቱ ታዋቂ የሳጥን አቅራቢዎች የሚጠቀሙትን መርምሮ፣ ዝቅተኛውን የሕግ መስፈርት ያሟሉት 11.8 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። የእምቢታው ቁልፍ ከመጀመሪያው ገጽ ሲነሳ ደግሞ «እሺ» የሚለው ሰው ቁጥር ከ22 እስከ 23 የመቶኛ ነጥብ ይጨምራል። ገበያ ላይ የቆየ ነጋዴ ይሄን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም፤ ሚዛኑን ማን እንደያዘ ማየት ይበቃዋል።

«እኛ አዲስ አበባ ወይም ጅማ ቁጭ ብለን የአውሮፓ ሕግ ምን አገናኘን?» ለሚለው፦ ገጹ የአውሮፓ ከሆነ ሳጥኑን ለማንኛውም ጎብኚ ማውጣቱ የተለመደ ነው። ኢዩዲአርን ለማንበብ የኮሚሽኑን ገጽ የከፈታችሁ ታውቁታላችሁ፤ እሱም ሳጥን አለው። (ለፍትሐዊነቱ የእሱ ጥሩ ነው፤ «ሁሉንም ተቀበል» እና «አስፈላጊዎቹን ብቻ» የሚሉት ሁለቱ ምርጫዎች ጎን ለጎን ናቸው።) የአሜሪካ ገጾች በብዛት ጎብኚው ከየት እንደመጣ አይተው ነው የሚወስኑት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቪፒኤን ከፍታችሁ ሰርቨሩ ጀርመን ወይም ኔዘርላንድ ከሆነ፣ ገጹ እናንተን አውሮፓዊ አድርጎ ነው የሚቆጥራችሁ። «ድሮ አይመጣም ነበር፣ አሁን በየገጹ ይመጣል» ያላችሁኝ ሰዎች መጀመሪያ ቪፒኤናችሁን እዩ።

ሌላው ብዙዎችን የሚያናድደው፦ «ትናንት እምቢ ብዬ ነበር፣ ዛሬ ለምን ድጋሚ ይጠይቀኛል?» እምቢታችሁም የሚመዘገበው በኩኪ ስለሆነ ነው። ብሮውዘሩን ሲዘጋ ኩኪ ሁሉ እንዲጠፋ ያደረጋችሁ፣ ወይም በስውር መስኮት የምትከፍቱ፣ ወይም ስልኩን «ክሊን» በሚል አፕ በየቀኑ የምታጸዱ፣ እምቢታችሁንም አብራችሁ ታጸዱታላችሁ። ጥንቃቄ የሚያደርገው ሰው ነው በብዛት የሚጠየቀው፤ ግድ የሌለው ሰው አንዴ «አክሴፕት ኦል» ብሎ ለወራት ይገላገላል። ኤክስቴንሽን የሚያስፈልገው እንግዲህ ለዚያ ለመጀመሪያው ሰው ነው።

አሁን ወደ ኤክስቴንሽኖቹ። ሁሉም «የኩኪ ሳጥን አጥፊ» ተብለው ይጠሩ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው፤ ልዩነቱን ሳያውቁ መጫን ደላላን ሳያነጋግሩ ውክልና እንደመስጠት ነው።

አንደኛው ዓይነት ሳጥኑን ከፊታችሁ ለማንሳት ብቻ የተሠራ ነው። «አይ ዶንት ኬር አባውት ኩኪስ» የሚባለው ታዋቂው ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ስለ ኩኪ ግድ የለኝም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ሳጥኑን ይከለክላል ወይም ይደብቃል፤ ገጹ ያለ መልስ አልሠራም ካለ ግን እናንተን ወክሎ እሺ ይላል፤ ሁሉንም ይሁን አስፈላጊውን ብቻ፣ የቀለለውን ይመርጣል። ሠሪዎቹ ይሄን አልደበቁም፣ መግለጫው ላይ ጽፈውታል። ግን መግለጫ የሚያነብ ስንት ሰው አለ? «ግላዊነቴን ይጠብቅልኛል» ብሎ የጫነው ሰው ተቃራኒውን ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት ሳጥኑን ይደብቃል፣ መልስ አይሰጥም። ማስታወቂያ በመከልከል የሚታወቀው ዩብሎክ ኦሪጅን እንዲህ ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው ይጭነውና «ሳጥኑ አሁንም ይመጣል» ይላል፤ የኩኪ ሳጥን ዝርዝሩ ከመነሻው አልበራም፣ ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ቅንብሩ ውስጥ «ፊልተር ሊስትስ» የሚለው ገብታችሁ «ኩኪ ኖቲስስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉና «አፕላይ ቼንጅስ» በሉ። በሕጉ መሠረት ምንም ካልመለሳችሁ አልፈቀዳችሁም፤ ገጹ ያከብረዋል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ዩብሎክ ተከታታዮቹንም ራሱ ስለሚከለክል ብዙ አያሳስብም። ማስታወቂያው ሳይወርድ ስለሚቀርም የኢንተርኔት ጥቅላችሁ ይቆያል፤ ከወረዳ ሆነው በስልክ ዳታ ዋጋ ለሚከታተሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ክሮም ላይ የነበረው ዋናው ዩብሎክ ኦሪጅን ጉግል የኤክስቴንሽን ሥርዓቱን በመቀየሩ በ2025 ከሥራ ወጥቷል፤ አሁን የሚገኘው «ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት» ነው። ሙሉው ፋየርፎክስ ላይ አለ። ስትፈልጉ ደግሞ «ኦሪጅን» የሚለውን ቃል አትዝለሉ፤ «ዩብሎክ» ብቻ የሚባል ሌላ ምርት አለ፣ ባለቤቱም ሌላ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ሳጥኑን ከፍቶ በእናንተ ምትክ ይሞላዋል። ኮንሰንት-ኦ-ማቲክ ይባላል፤ የሠሩት ከላይ የጠቀስኩት ጥናት ውስጥ የተሳተፉት የዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። አንዴ ምርጫችሁን ትነግሩታላችሁ፤ ከመነሻው የግድ የማያስፈልገውን ሁሉ እምቢ እንዲል ነው የተዘጋጀው። ከዚያ የሚያውቀው ዓይነት ሳጥን ሲመጣ እናንተ ሳትነኩ አንድ በአንድ እያጠፋ ያስገባል። እነዚያን «ሕጋዊ ጥቅም» በሚል ሁለተኛ ገጽ ላይ የተደበቁትን ቁልፎች ጭምር። በእጅ ቢሠራ ጠቅታው ስንት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ድክመቱ የማያውቀውን ሳጥን ዝም ማለቱ ነው፤ አንድ መለስተኛ የገበያ መጽሔት በራሱ ባለሙያ ያሠራውን ሳጥን አያውቅላችሁም፣ ያኔ በእጃችሁ ነው።

ኤክስቴንሽን ጨርሶ የማትፈልጉ ብሬቭ የተባለውን ብሮውዘር ብትጠቀሙ መደበቂያው አብሮ የተሠራ ነው። ፋየርፎክስም ከ2022 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪን በየገጹ ለየብቻ ያስቀምጣል፤ ሳትፈልጉ «እሺ» ብትሉ እንኳ ከገጽ ገጽ መከተሉ ይቀንሳል።

እኔ የትኛውን እመርጣለሁ? ለንባብ ኮንሰንት-ኦ-ማቲክን። ለሥራ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛ ገጾች ተራ የዜና ገጾች አይደሉም።

የዋጋ ቻርቶች ብዙ ጊዜ የገጹ የራሱ አይደሉም፤ ከሌላ ኩባንያ የመጡ መስኮቶች ናቸው። አንዳንድ ገጽ ፈቃድ እስክትሰጡ ድረስ ያንን መስኮት አይከፍተውም። ሳጥኑ ሲደበቅ ጥያቄው አብሮ ይደበቃል፣ ቻርቱም ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ገጹ ተቆልፎ መቅረቱ ነው፤ ሳጥኑ ጠፍቷል፣ ገጹ ግን መልስ እየጠበቀ ስለሆነ ወደ ታች አይንሸራተትም፤ ሰው ኔትወርኩን ይሳደባል። እነዚህ ሁለቱ ቢያንስ ይታያሉ። የማይታየው ነው የከፋው፦ ከልክ ያለፈ ክልከላ ዋጋውን በየሰከንዱ የሚያድሰውን ክፍል ሊያቋርጠው ይችላል። ሰንጠረዡ ቁጥር አለው፣ ቀለም አለው፣ ግን ገጹ ሲከፈት የነበረው ዋጋ ላይ ቆሟል። በነጻ የሚታየው ዋጋ ድሮም ቢያንስ 10 ደቂቃ የዘገየ ነው፤ በዚያ ላይ የቆመ ከሆነ ምን ላይ ቆማችሁ ከገዢ ጋር ትነጋገራላችሁ? ስለዚህ ከዋጋው ሥር የተጻፈውን ሰዓትና የኮንትራቱን ወር ሳታዩ ለማንም ቁጥር አትጥሩ። ሰዓቱ ካልተንቀሳቀሰ ኤክስቴንሽኑን ለዚያ ገጽ ብቻ አጥፉትና ገጹን አድሱ፤ ዩብሎክ ላይ የመብራት ቁልፍ የምትመስለዋን ምልክት አንዴ መጫን ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፤ ለዚህ ነው ጽሑፉን ያስረዘምኩት። ከእነዚህ ኤክስቴንሽኖች አብዛኞቹ ሲጫኑ አንድ ፈቃድ ይጠይቃሉ፦ በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለ መረጃችሁን ማንበብና መለወጥ። ሥራቸው ይሄንን ይጠይቃል፤ ሳጥኑ የትኛው ገጽ ላይ እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም። ግን «ሁሉም» ሲል ሁሉም ነው። የዋጋው ገጽ፣ ኮንትራትና ፕሮፎርማ የምትቀባበሉበት ኢሜይል፣ የባንካችሁ የኢንተርኔት ገጽ፣ የዩኒየናችሁ የአባላት መዝገብ። ማንበብ ብቻ ሳይሆን መለወጥም። በኢሜይል ላይ የተጻፈ የሒሳብ ቁጥር ከዓይናችሁ ፊት ሊቀየር ይችላል ማለት ነው። የመግቢያ በር ላይ የሚያስቸግራችሁን ሰው እንዲያባርር ዘበኛ ቀጥራችሁ፣ የመጋዘኑንም የካዝናውንም ቁልፍ አብራችሁ እንደመስጠት አስቡት። ዘበኛው ታማኝ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ነገ በእሱ ቦታ ማን ይቆማል የሚለው ነው።

ይሄ ሥጋት በወሬ የመጣ አይደለም። «ዘ ግሬት ሰስፔንደር» የተባለ ታዋቂ የክሮም ኤክስቴንሽን ለሌላ ባለቤት ከተላለፈ በኋላ በ2021 ጉግል አደገኛ ነው ብሎ አስወግዶታል። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ሳይበርሄቨን የተባለ፣ ራሱ የመረጃ ጥበቃ ኩባንያ የሆነ ድርጅት፣ ሠራተኛው በሐሰተኛ ኢሜይል ተታልሎ ኤክስቴንሽኑ በገና ሰሞን በአጥቂዎች ተለውጦ ለተጠቃሚዎች ደርሷል። ኤክስቴንሽን ራሱን በራሱ ያድሳል፤ እናንተ የፈቀዳችሁት ለትናንቱ ነው፣ ዛሬ የሚሠራው ሌላ ሊሆን ይችላል።

በኩኪ ሳጥን ረድፍ ያለውን ምሳሌም ልጥቀስ። ያ «ግድ የለኝም» የሚለው ኤክስቴንሽን በ2022 ለአቫስት ተሸጠ። ከተጠቃሚዎች ብዙዎቹ አልወደዱትም፤ ክፍት ኮዱን ወስደው «አይ ስቲል ዶንት ኬር አባውት ኩኪስ» የሚል ሌላ አወጡ። ቅሬታቸው ከየት እንደመጣ የገባን በኋላ ነው፦ በፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ አቫስት በጸረ ቫይረሱና በብሮውዘር ኤክስቴንሽኖቹ በኩል የሰበሰበውን የተጠቃሚዎች የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ ሸጧል ብሎ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገ። ክሱ ከ2020 በፊት ስለተሸጠ መረጃ እንጂ ስለዚህ ኤክስቴንሽን አልነበረም፤ ይሄን ማደባለቅ ተገቢ አይደለም። ግን ባለቤት ሲቀየር ተጠቃሚው ለምን እንደሚጠይቅ ያሳያል።

ታዲያ አንጫን? ተጫኑ፣ ግን ቁልፉን ቆርጣችሁ ስጡ። ክሮም፣ ኤጅና ብሬቭ ላይ የኤክስቴንሽኑን ዝርዝር ስትከፍቱ «ሳይት አክሰስ» የሚል አለ። እዚያ «በሁሉም ገጽ» የሚለውን ትታችሁ «በተወሰኑ ገጾች» የሚለውን ምረጡና የምትከታተሏቸውን አምስት ስድስት የዋጋና የመርከብ ገጾች አስገቡ። በቃ፤ ከእነሱ ውጪ ዓይን የለውም። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ሁለት ብሮውዘር መያዝ ነው። አንዱ ለዋጋና ለዜና፣ የፈለጋችሁትን ኤክስቴንሽን የያዘ። ሌላው ለኢሜይል፣ ለባንክ፣ ለንግድ ፈቃድና ለኮንትራት፣ ምንም ኤክስቴንሽን የሌለበት፣ ባዶ። ለሁለተኛው ሳጥኑ ቢመጣ በእጃችሁ «ሪጀክት ኦል» በሉት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። የላኪ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል ውስጥ ክፍያ የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር ላይ የኩኪ አጥፊ የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

ስልክ ላይ ለምትከታተሉ፣ አብዛኞቻችሁም እንደዚያ ናችሁ፦ አንድሮይድ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ፋየርፎክስ ይቀበላል፤ ዩብሎክ ኦሪጅንም እዚያ ይሠራል። ብሬቭ ላይ ደግሞ መደበቂያው አብሮ የተሠራ ነው። ግን ከዚህ ቻናል ላይ ሊንክ ስትነኩ ገጹ የሚከፈተው ቴሌግራም ራሱ ውስጥ ባለው ብሮውዘር ከሆነ፣ የጫናችሁት ኤክስቴንሽን እዚያ አይደርስም፤ ሌላ ቦታ የሰጣችሁት እምቢታም አይታወቅም። የቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ሊንክ በውጭ ብሮውዘር እንዲከፈት አድርጉ። ከቀረቡልኝ ቅሬታዎች ገሚሱ በዚህ ብቻ የሚፈታ ይመስለኛል።

ከኩኪ ሳጥን ጋር የሚምታታ ሌላም አለ። ከላይ በግራ በኩል «ማሳወቂያ ልላክልህ?» የሚል «አሎው» እና «ብሎክ» ያለው ትንሽ መጠየቂያ ኩኪ አይደለም፤ እሺ ካላችሁት ስልካችሁ በማስታወቂያ ይጥለቀለቃል። እነዚህ ኤክስቴንሽኖች አይነኩትም፤ በብሮውዘሩ ቅንብር ማሳወቂያ የሚለውን አንዴ መዝጋት ነው።

ከዚህ የከፋው ሐሰተኛው ሳጥን ነው። በ2025 የኤችፒ የደኅንነት ክፍል ያወጣው ሪፖርት፣ የጉዞ ማስያዣ ገጽ አስመስለው በተሠሩ ገጾች ላይ «አክሴፕት» የሚለውን ሲጫኑ ጎጂ ፋይል የሚወርድበትን ዘዴ አጋልጧል። ፋይሉ ሲከፈት ኮምፒውተሩን ከርቀት ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል። ዘዴው የተመሠረተው በድካማችን ላይ ነው፤ በቀን ስንቴ ሳናነብ «እሺ» እንደምንል ያውቃሉ። እውነተኛ የኩኪ ሳጥን ፋይል አያወርድም፣ ኪቦርድ ላይ ይሄንን ከዚያ ጋር ተጫኑ አይልም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ገጹን ዝጉ፤ የወረደውን አትክፈቱ። በክፍያ ወቅት ደግሞ የገዢም የሻጭም የሒሳብ ቁጥር «ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ፣ ድሮ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ በድምፅ ሳታረጋግጡ አትንቀሳቀሱ።

የራሳችሁ ድረ ገጽ ላላችሁ ዩኒየኖችና ላኪዎች አንድ ነጥብ። ባለሙያው ገጹን ሲሠራ የኩኪ ሳጥን ለጥፎላችሁ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁት። ገጹ የጎብኚ መቁጠሪያና የማስታወቂያ መከታተያ ካለው፣ አውሮፓ ያለውን ጎብኚ ስለሚከታተል ጥያቄ ያስነሳል፤ በአገር ውስጥም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ገጹ ግን የቡናውን ዓይነት፣ የጣዕም መግለጫና የመገኛ አድራሻ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ መከታተያውን አውጡት፤ የግድ ለሚያስፈልግ ኩኪ ሳጥን አያስፈልግም። የሃምቡርግ ገዢ የእናንተን ገጽ ሲከፍት መጀመሪያ የይርጋጨፌውን ፎቶ ቢያይ አይሻልም?

አውሮፓም ራሷ ሳጥኑ ሰልችቷታል። ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2025 ባቀረበው የሕግ ማሻሻያ ሐሳብ፣ እምቢታ በአንድ ጠቅታ እንዲሆን፣ ምርጫውም ብሮውዘር ላይ አንዴ ተቀምጦ ገጾች እንዲያከብሩት ጠይቋል። ይሄ ሐሳብ ነው፤ በምክር ቤቶቹ በኩል ማለፍ አለበት፣ የኢዩዲአርን መጓተት ላየ ሰው ደግሞ የብራስልስ ሰዓት እንዴት እንደሚሄድ አይነገረውም።

በተጫናችሁት ኤክስቴንሽን ዋጋው የቆመባችሁ ወይም ቻርቱ የጠፋባችሁ ገጽ ካለ በውስጥ መስመር የገጹን ስምና የስልካችሁን ዓይነት ላኩልኝ። የኒውዮርክ መዝጊያ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል።